ከእልፍኝ ወደ መማሪያ ክፍል፦ የስድስት ኪሎ ግቢ ታሪክ

ክቡራንና ክቡራት፣

በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ለትምህርት ቤትነት ታስቦ የተሠራ አይደለም። ገነተ ልዑል ተብሎ የተሰየመ የንጉሠ ነገሥት መኖሪያ ነበር፤ ቀጥሎ የወራሪ ጦር እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ እንደገና ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ደም ፈሰሰበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው የገቡበት። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህ የቀደመ ታሪክ ለትምህርት ቤቱ መግቢያ ተረት ብቻ አለመሆኑን ነው። የትምህርት ቤቱ ጠባይ፣ ኩራቱም ቁስሉም፣ ከወረሳቸው ቤቶችና ከወረሰው ግቢ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ በየዘመኑ ግቢውን የያዘው ኃይል በመሬቱ ላይ ጥሎት የሄደው ምልክት ሁሉ፣ የሚያሳዝነውም ጭምር፣ ለሚያይ ሰው ግልጽ ሆኖ መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከቤቱ አሠራር እንነሣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የአገሪቱ ትልቁ የመንግሥት ማእከል ዐፄ ምኒልክ ከአራት ኪሎ በታች ባለው ጉብታ ላይ የሠሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት ነበር። ያ ግቢ በራሱ ከተማ ነው፤ የግብር አዳራሹ፣ ጸሎት ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ፣ ዙፋን ቤቱና የሠራተኛው መንደር በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡበት፣ ሕዝብ የሚበላበትና ፍርድ የሚሰጥበት ነው። ገነተ ልዑል ግን ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ በ1920ዎቹ የተገነባ በዋናነት መኖሪያ ቤት ነው። መኝታ ክፍሎች፣ መታጠቢያ ቤቶች፣ የእንግዳ መቀበያ ሳሎኖች፣ ሰፊ የአትክልት ቦታ ያለው፣ በዘመኑ የአውሮፓ አሠራር የታነጸ ቤት ነበር። የሺህ ሰው ግብር የሚጣልበት አዳራሽ ሳይሆን፣ ንጉሡ ከቤተሰባቸው ጋር የሚኖሩበትና የውጭ መልእክተኛ የሚቀበሉበት ነበር። ይህ ልዩነት በኋላ ለመጣው ትምህርት ቤት ብዙ ትርጉም አለው፤ ዩኒቨርሲቲው የወረሰው ለብዙ ሰው መሰብሰቢያ የታሰበ አዳራሽ ሳይሆን፣ ለጥቂት ሰው ምቾት የተከፋፈለ ቤት ነውና።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ቤት ብዙም ሳይቀመጡ ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ሄዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። ከወራሪው ጦር አዛዥ ከባዶሊዮ ቀጥሎ የንጉሥ እንደራሴ የሆነው ሮዶልፎ ግራዚያኒ መቀመጫውን በዚሁ ገነተ ልዑል አደረገ። አንድ አገር በጦር የያዘ ኃይል አስቀድሞ የተሸነፈውን ንጉሥ ቤት የሚይዝበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ትእዛዝ ሲወጣበት ለማየት የለመደው በር ያው ስለሆነ፣ አዲሱ ገዥ በዚያው በር ብቅ ማለት ይፈልጋል።

በቤቱ ፊት ለፊት ዛሬም የቆመው የጠመዝማዛ ደረጃ ሐውልት የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ደረጃው ወደ የትም አያወጣም። ፋሺስቶች በጥቅምት 1915 ዓ.ም. ወደ ሮማ ዘምተው ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ ያለፈውን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን ለመወከል የሠሩት ነው፤ አገዛዛቸው በዕድሜ ሲገፋ ደረጃውም ሽቅብ እንዲቀጥል ማለት ነው። በጣሊያን አገር በሕንፃዎችና በሰነዶች ላይ ዓመታትን ከፋሺዝም ልደት ጀምሮ መቁጠር የተለመደ ነበርና፣ ይህንኑ አቈጣጠር በንጉሠ ነገሥቱ ደጃፍ በሲሚንቶ ተከሉት። ከነጻነት በኋላ ግን ደረጃው አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

በዚህ ውሳኔ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በግቢው ካሉት ነገሮች ሁሉ ብዙ የሚያስተምር እርሱ ስለሆነ። ወራሪ የተከለውን ምልክት ለማጥፋት አንድ ቀን የሚበቃ የቁፋሮ ሥራ ነበር፤ ማፍረስም በዚያን ጊዜ ማንንም አያስወቅስም ነበር። ነገር ግን ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ ዛሬ ለተማሪው የምናሳየው ባዶ የሣር መሬት ይሆን ነበር፤ ወራሪው በዚህ ቦታ እንደነበረ፣ ለዘላለም እቀመጣለሁ ብሎም እንደነበረ፣ ቃል ብቻ ይቀርልን ነበር። ቆሞ በመቅረቱ ግን የሚያየው ሰው ሁለቱን ነገር በአንድ ጊዜ ያነባል፦ እርከኖቹ የትዕቢቱን ልክ ይነግሩታል፣ አንበሳው ደግሞ ቈጠራው የት ላይ እንደተቋረጠ ይነግረዋል። በአገራችን አንድ ሥርዓት ሲሄድ ተከታዩ የቀደመውን ምልክት ጠራርጎ የሚያነሣበት ልማድ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ይህን ደረጃ ለዚያ ልማድ የተሰጠ ጥሩ መልስ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

የወረራው ዘመን ከደረጃው ይልቅ የከፋ ነገር በዚሁ ግቢ አስቀምጧል። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የጣሊያኑን አልጋ ወራሽ የወንድ ልጅ መወለድ ምክንያት በማድረግ ለከተማዋ ድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ አዘዘና ሕዝቡ በግቢው ተሰበሰበ። ሹማምንቱና መኳንንቱ በቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምቦች ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ፤ ከአጠገቡ የነበሩት የጣሊያን መኮንኖችና ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ተጎዱ። ሁለቱ ወጣቶች ከግቢው ለማምለጥ ቻሉ። ምጽዋት ሊቀበል የመጣው ሕዝብ ግን በግቢው ውስጥ ተከቦ ቀረ፤ ወታደሮቹ በተሰበሰበው ሰው ላይ እዚያው ተኮሱበት። ከዚያ ጭፍጨፋው ወደ ከተማው ወጥቶ ለሦስት ቀናት ቤት በእሳት፣ ሰው በጥይትና በዱላ አለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቍጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቶቹን አስጠግተዋል የተባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተገደሉ።

ለዛሬው ርእሳችን ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላ ነገር ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ግድያው በተለይ የተማረውን ወጣት ፈልጎ ያደነ ነበር። በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ፣ ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች ተለቅመው ተገደሉ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ በእንግሊዝ አገር ተምረው ከመጡት መካከል ነበሩ፤ እነርሱም ከሟቾቹ ተቈጠሩ። አገሪቱ በብዙ ድካም ያፈራችው የመጀመሪያው የዘመናዊ ትምህርት ትውልድ አብዛኛው በዚህ መንገድ ጠፋ። እንግዲህ የዚያ ትእዛዝ ምንጭ የነበረው ቤት፣ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ማእከል ሆነ። ማንም ሰው ይህን አስቦ ያቀደው አይመስለኝም፤ ነገሩ በሌላ ምክንያት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት የሚማር ሁሉ ይህን የሁለት ዘመን ተቃራኒነት ማወቅ ይገባዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ከግቢው አጥር ውጭ፣ አደባባዩ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ለዚህ መታሰቢያ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ቅርጾች ጭፍጨፋውንና የሕዝቡን ኀዘን ያሳያሉ፤ ሥራው በዩጎዝላቪያ ቀራጮች የተከናወነ ነው። በየዓመቱ የአበባ ጕንጕን የሚቀመጠው እዚያ ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው ግን ከአጥሩ ወዲህ፣ ተማሪዎች በየቀኑ በሚያልፉበት መሬት ላይ መሆኑን ከብዙዎቻችን ልብ ያጠፋው፣ ሐውልቱ ከቦታው ወጣ ብሎ መቆሙ ይመስለኛል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ዕለት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ገነተ ልዑልም እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ መኖሪያቸው ሆነ። በእነዚህ ሃያ ዓመታት ገደማ ቤቱ ከትምህርት ጋር የነበረው ግንኙነት ቀላል አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ለረጅም ዘመን በራሳቸው እጅ ይዘው ነበርና፣ በጦርነቱ የጠፋውን ትውልድ ለመተካት የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ሁሉ የሚወሰነው በእርሳቸው ዘንድ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራ ሲጀምር፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት፣ ከቤተ መንግሥቱ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ነበር። የምሕንድስናው ኮሌጅ አምስት ኪሎ፣ የሕንፃው ኮሌጅ ልደታ፣ የእርሻው ዓለማያ፣ የጤናው ጎንደር ሆነው ለየብቻቸው ቆሙ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማድረግ ሐሳቡ ነበር፤ ማእከል የሚሆን ቦታ ግን አልነበረም።

ማእከሉ የተገኘው በደም ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። የመንግሥቱ ታላላቅ ሹማምንት በገነተ ልዑል ታገቱ፤ ምድር ጦሩ ከንጉሡ ጎን ቆሞ ውጊያው ወደ ግቢው ሲቃረብ ታጋቾቹ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ በጥይት ተደበደቡ። ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድና ራስ አበበ አረጋይ ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። ራስ አበበ በወረራው አምስት ዓመታት በሸዋ አርበኞችን ይመሩ የነበሩ፣ ከዚሁ ቤት በሚወጣ ትእዛዝ ሲታደኑ ቆይተው ያልተያዙ ሰው ነበሩ። የጣሊያን ጦር ያልገደላቸው አርበኛ በገዛ ወገናቸው ጥይት በዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ ወደቁ። በግቢው ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚከብደኝ ነገር የለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ በኋላ በዚያ ቤት መኖር አልቀጠሉም። መኖሪያቸውን በዘውዳቸው 25ኛ ዓመት ወደ ተሠራው ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አዛወሩ፤ ገነተ ልዑልን ደግሞ ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ግቢ ተመረቀ። ስለ ስጦታው ምክንያት ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው የልግስና ነው ይላል፤ ሌላኛው ደም ከፈሰሰበት ቤት የመውጫ መንገድ ነበር ይላል። እኔ ሁለቱ እርስ በርስ የሚፋረሱ አይመስሉኝም። አንድ ሰው መኖር የማይችልበትን ቤት ዘግቶ መተው ይችል ነበር፤ ለዘመዱ መስጠትም ይችል ነበር፤ ለተማሪ መስጠቱ የራሱ የሆነ ውሳኔ ነው። በተለይም ከአንድ ዓመት በፊት በተቃዋሚዎቹ ጎን ሰልፍ ለወጡ ተማሪዎች መሆኑን ስናስብ፣ ውሳኔው ትልቅነቱ ይጎላል።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ትምህርት ቤት የማድረግ ሥራ መጣ። የመኖሪያ ቤት ክፍሎች ጠባብ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሳልፋል፤ ለቢሮ ይሆናሉ፣ ለብዙ ተማሪ ግን አይሆኑም። ስለዚህ ዋናው ቤት ለብዙ ሰው መማሪያነት ሳይሆን ለምርምር፣ ለመጻሕፍትና ለቅርስ ማስቀመጫነት ተመደበ፤ የመማሪያ ሕንፃዎች፣ የመኝታ ቤቶችና አዳራሾች ደግሞ በግቢው ውስጥ እየተጨመሩ ሄዱ። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ ትልቁ ነው። ይህ ሕንፃ ከጅምሩ ለንባብ ስለተሠራ ሰፋፊ ክፍሎቹና መስኮቶቹ ከቤተ መንግሥቱ ፈጽሞ የተለዩ ናቸው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ሕንፃ ለማን ታስቦ እንደተሠራ ከአሠራሩ ማወቅ እንደሚቻል ይረዳል። የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን ስም ደግሞ በአዳራሽ ስምነት በግቢው ውስጥ ቀርቷል።

በዋናው ቤት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩበት፣ የቤቱን ዕጣ የወሰነ ነው። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ገና በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን ሥዕል፣ መስቀል፣ ብራናና የዕለት መገልገያ ዕቃ መሰብሰብ ጀምረው ነበር፤ ስብስባቸው በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ውስጥ ሙዚየም ሆነ። የሙዚየሙ አደረጃጀት በጣም የምወደው ነው። ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር ከፋፍሎ ከማስቀመጥ ይልቅ በሰው ዕድሜ አካሄድ አሰልፏቸዋል፦ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። የሐመሩ፣ የኮንሶው፣ የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የአፋሩ ዕቃ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ አንድ የሕይወት ምዕራፍ ይናገራል። ከላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ።

በዚያው ሙዚየም ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንደነበሩ ተጠብቀው ለጎብኚ ይታያሉ። በ1953ቱ ግርግር በጥይት የተበሳው መስተዋትም አለ። መስተዋቱ በአዲስ አለመተካቱ ከደረጃው ጋር የሚሄድ ጥሩ ፍርድ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ጎብኚው መኝታ ክፍሉን አይቶ፣ አልጋው አነስተኛ ነው ወይም መታጠቢያው ያምራል ብሎ መውጣቱ ነው፤ በዚያ ቤት አንድ ግድግዳ ተሻግሮ ምን እንደተፈጸመ ሳይነገረው።

ዩኒቨርሲቲው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ግቢው ሌላ ታሪክ ጨመረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። ቤተ መንግሥት የነበረ ግቢ፣ ንጉሡ በስጦታ ያስረከቡት፣ የመሬት ሥሪቱ እንዲለወጥ የሚጠየቅበት ቦታ ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በግቢው አቅራቢያ በጥይት ተገደለ። ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ግቢው አመጡት፤ በማግስቱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው አስከሬኑን ለመውሰድ በተማሪዎች ላይ ተኮሱ፤ ሰው ሞተ፣ ሰው ቆሰለ። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የክብር ዘበኛው ባመፀ ጊዜ ተማሪዎች ደግፈውት ሰልፍ እንደወጡ ያስታወሰ ሰው፣ ያው ስም ያለው ጦር በዚያው አጥር ውስጥ ሲተኩስባቸው የዘመኑ መለዋወጥ ምን ያህል ፈጣን እንደነበር ይረዳል። በየካቲት 12 ሕዝቡ የተገደለበት፣ በ1953 ሹማምንቱ የተገደሉበት ግቢ በ1962 ተማሪዎቹ የተገደሉበትም ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላክ ክፍሎቹ ተዘጉ፤ ሲከፈቱ የተመለሰው ሁሉም አልነበረም።

አሁን ስለ አጠባበቁ ጥቂት ልበል። ያረጀ ሕንፃ ከሚጎዱት ነገሮች ሁሉ የከፋው በየዕለቱ የሚደረግበት ጥቂት ጥቂት ለውጥ ነው። ጠባብ ክፍል በእንጨት ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል፤ የድሮው በር ይነሣና በብረት በር ይተካል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማሳለፍ የተቀባ ግድግዳ ይቦረቦራል፤ የሚፈስ ጣሪያ በጊዜው ሳይጠገን ቀርቶ እርጥበቱ ብራናና መጻሕፍት ወዳሉበት ክፍል ይወርዳል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ተደማምረው ግን ቤቱ የነበረውን መልክ ያሳጡታል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ግቢ እያንዳንዱ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ በፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፣ የሚመጣው ጠጋኝ የትኛው የ1920ዎቹ፣ የትኛው የወረራው ዘመን፣ የትኛው የዩኒቨርሲቲው እንደሆነ ይለያል።

ከወረቀቱ ጎን ለጎን ሰዎች አሉ። በግቢው ለረጅም ዓመታት የሠሩ ዘበኞች፣ አትክልተኞች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና የጥገና ባለሙያዎች የትኛው ዛፍ መቼ እንደተተከለ፣ የትኛው መንገድ መቼ እንደተዘጋ፣ በየትኛው ክፍል ማን ይሠራ እንደነበር ያውቃሉ። የታሪክ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሩቅ ሩቅ ሲሄዱ አያለሁ፤ ሥራቸውንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን በየቀኑ ሰላም እያሉ የሚያልፏቸውን እነዚህን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቢጠይቁና ቃላቸውን በድምፅ ቢቀዱ፣ ተቋሙ በገዛ ደጁ ያለውን ምንጭ ከመድረቁ በፊት ይቀዳ ነበር።

ለአዲስ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚደረገው አቀባበል ላይ ግቢውን በእግር የማዞር ልማድ ቢጀመር ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጉዞው ከዋናው በር ተነሥቶ ወደ ጠመዝማዛው ደረጃ፣ ምጽዋት ፈላጊው ሕዝብ ቆሞበት ወደነበረው መሬት፣ ወደ አረንጓዴው ሳሎን፣ የጥላሁን ጓደኞች አስከሬኑን ይዘው ወደቆሙበት ሥፍራ፣ ከዚያም ወደ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሊሄድ ይችላል። መሪዎቹ ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉ የታሪክ፣ የቅርስ ጥበቃና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ቢሆኑ፣ የሚናገሩትም ቀደም ብዬ ከጠቀስኩት መዝገብና ከሽማግሌዎቹ ቃል የተጣራ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዙር በመጪው የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ሊካሄድ ይችላል።